የሕፃናት እግረኞች ደኅንነትና የግጭት ሙከራ ወሰን

የመኪና ግጭት ሙከራ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰበው ቀበቶ ያሰረው ተሳፋሪ ነው። እግረኛውን፣ በተለይም ሕፃኑን፣ የሚመለከተው ሙከራ ግን የራሱ መሣሪያና የራሱ ወሰን አለው። ትኩረት የሚሻውም ይኸው ወሰን ነው።

እ.ኤ.አ. በ2008 በተባበሩት መንግሥታት ማዕቀፍ የጸደቀው ዓለም አቀፍ የቴክኒክ ደንብ ቁጥር 9፣ የሕፃን ጭንቅላትን የሚወክል 3.5 ኪሎ ግራም የሚመዝን ክብ አምሳያ በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ኮፈኑን እንዲመታ ያዛል። የአዋቂው አምሳያ 4.5 ኪሎ ግራም ይመዝናል። የሕፃኑ አምሳያ የሚያርፈው፣ ከመሬት ተነሥቶ የመኪናውን ፊት ተከትሎ ሲለካ ከ1 እስከ 1.7 ሜትር ባለው የኮፈን ክፍል ላይ ነው። ከኮፈኑ ጠርዝ በታች ያለው ቀጥ ያለ የፊት ገጽ በዚህ የጭንቅላት ሙከራ አይነካም።

ይህ አከላለል ኮፈኑ ዝቅ ላለ አውቶሞቢል ይስማማል። ኮፈኑ ከፍ፣ ፊቱም ቀጥ ባለ መኪና ግን ነገሩ ይለወጣል። የሰውነቱ የክብደት ማዕከል ከኮፈኑ ጠርዝ በላይ የሆነ አዋቂ ሲገጭ ኮፈኑ ላይ ይወድቃል። ቁመቱ አንድ ሜትር ገደማ የሆነ የአራት ዓመት ልጅ ግን ደረቱም ጭንቅላቱም ከፊት ገጹ ጋር ይላተማሉ፤ ወደፊት ተወርውሮም ከጎማ ሥር ሊገባ ይችላል። ስለዚህ አንድ መኪና የኮፈኑን ሙከራ ማለፉ ይህን ልጅ ስለ መጠበቁ ማረጋገጫ አይሆንም።

ለነባሩ አሠራር የሚቀርበው መከራከሪያ የሚናቅ አይደለም። አምሳያው ቀላል በመሆኑ ሙከራው ሲደገም ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል፤ የሙሉ ሰውነት አምሳያ ግን አቋሙ ጥቂት ቢዛነፍ ውጤቱ ይለያያል። በተጨማሪም የአውሮፓ የአዲስ መኪኖች ምዘና ፕሮግራም ዩሮ ኤንካፕ ከ2016 ጀምሮ፣ ከቆሙ መኪኖች መካከል ሮጦ ለሚወጣ ሕፃን በራሱ ፍሬን የሚይዝ ሥርዓትን ይፈትሻል። ሆኖም የመጀመሪያው መከራከሪያ መሣሪያውን እንጂ ክልሉን አይመለከትም፤ ያንኑ አምሳያ ዝቅ አድርጎ በፊት ገጹ ላይ ማሳረፍ ይቻላል። ፍሬኑም ፍጥነትን ይቀንሳል እንጂ ግጭትን ሁሉ አያስቀርም። ርቀቱ ሲያጥር የልጁን ዕጣ የሚወስነው የመኪናው ቅርጽ ነው።

ጉዳዩ መኪና ለማይነድፉ አገሮችም ቅርብ ነው። ወደ ኢትዮጵያ የሚገቡት ተሽከርካሪዎች ቅርጻቸው የተወሰነው በሌሎች ገበያዎች ደንብ ነው፤ በመንገድ ዳር በእግሩ ትምህርት ቤት የሚመላለሰው ልጅ ግን የአገሪቱ ነው። የኮፈን ጠርዞችን ከፍታ ለክቶ ከሕፃናት ቁመት ጋር ማነጻጸር ውድ ቤተ ሙከራ አይጠይቅም፤ ለድኅረ ምረቃ ጥናትም የሚበቃ ጥያቄ ነው። የሙከራው ክልል ወደ ፊት ገጹ ይስፋ የሚለው ክርክር ክብደት የሚያገኘው እንዲህ ያለ ልኬት በእጁ ሲኖር ነው።