ስለ ሰው ሥራና ስለ ሕይወቱ ዓላማ

ልጅ ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ ዘመዶቹም መምህሩም ወደ ፊት ምን ትሆናለህ እያሉ ይጠይቁታል። አንዱ ልጅ ቄስ እሆናለሁ፣ አንዱ ጸሐፊ እሆናለሁ፣ አንዱም ነጋዴ እሆናለሁ ብሎ ፈጥኖ ይመልሳል፤ ሰሚዎቹም አሳቡ የጸና ልጅ ነው ብለው ያመሰግኑታል። ከመካከላቸው ግን ዝም የሚል አንድ ልጅ ይገኛል። ዝም ያለውም ሰነፍ ሆኖ አይደለም። መጽሐፍ መመርመርን ይወዳል፤ እንጨት መጥረብን ይወዳል፤ ሕመምተኛ ማስታመምንም ይወዳል፤ ከእነዚህ አንዱን ብቻ ይዞ ሌላውን መጣል ስለ ቸገረው ነው። ሰዎችም ይህን አይተው አሳቡ የሚዋልል፣ ለምንም የማይሆን ይሉታል። እርሱም ቃሉን ደጋግሞ በሰማ ጊዜ እውነት ይመስለውና፣ እግዚአብሔር ለሰው ሁሉ ሥራ ሲያድል እኔን ረሳኝ ብሎ ያዝናል። ይህ ኀዘን ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ጐበዝ በዚሁ ምክንያት ልቡ ተሰብሮ የተሰጠውን ስጦታ ሳይሠራበት ቀርቷልና።

ዳሩ ግን ይህ ኀዘን ከአንድ ስሕተት የመጣ ነው። ስሕተቱ ምንድር ነው ቢሉ፣ የሥራን ስምና የሕይወትን ዓላማ አንድ አድርጎ መቍጠር ነው። የሥራ ስም ሰው በሚሠራው ነገር የሚጠራበት ነው፤ ዓላማ ግን ሥራው ሁሉ የሚሄድበት ስፍራ ነው። መንገደኛ ዳገቱን በእግሩ ይወጣል፣ በሜዳው በበቅሎ ይቀመጣል፣ ከውሃ ሲደርስ በታንኳ ይሻገራል። መድረሻው አንድ ከሆነ፣ አካሄዱ ሦስት ስለ ሆነ ተቅበዘበዘ አይባልም። ወዴት እንደሚሄድ የማያውቅ ሰው ግን ዘመኑን ሁሉ ከአንድ በቅሎ ሳይወርድ ቢኖር እንኳ ከየትም አይደርስም።

ይህን ለማስተዋል በገጠር የሚኖረውን ገበሬ መመልከት ይበቃል። በክረምት ያርሳል፣ ይዘራል፣ ያርማል፤ መከሩን ከሰበሰበ በኋላ ቤት ይሠራል፣ አጥር ያጥራል፤ ጎረቤት ሲጣላ ለሽምግልና ይቀመጣል፤ ሰው ሲሞት መቃብር ይቈፍራል። ቅስና ያለው እንደ ሆነም በእሑድ ቀድሶ በማግሥቱ ሞፈሩን ተሸክሞ ወደ እርሻው ይወርዳል። ሚስቱም ትፈትላለች፣ ትፈጫለች፣ ትጋግራለች፣ ልጅ ታሳድጋለች፣ ሕመምተኛ ታስታምማለች፣ አራስ ትጠይቃለች። ይህችን ሴት፣ ሥራሽ አንድ አይደለምና ኑሮሽ ከንቱ ነው ብሎ የነቀፋት ሰው የለም፤ ሁሉም ለአንድ ቤት ነውና። ለሥራዋ ሁሉ የሚበቃ አንድ ስም አልተገኘም፤ ነገር ግን እርሷ አንድ ቀን ብትታመም ስንት ሥራ ትሠራ እንደ ነበረ ያን ጊዜ ይታወቃል።

በቤተ ክርስቲያን ትምህርትም ነገሩ እንዲሁ ነው። ተማሪው ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቶ ከመምህር ወደ መምህር ይዞራል፤ ለድጓ ወደ ቤተ ልሔም፣ ለቅኔ ወደ ዋሸራ፣ ለአቋቋም ወደ ጎንደር ይሄዳል። በመጨረሻም የመጻሕፍትን ትርጓሜ ከሊቃውንት እግር ሥር ተቀምጦ ይሰማል። ጉባኤውን ሁሉ አስተባብሮ የያዘውን ሊቅ ሕዝቡ አራት ዓይና ብሎ ያከብረዋል እንጂ አንዱን ትምህርት መምረጥ አቃተው አይለውም። ነገር ግን ይህ ክብር ከየመምህሩ ደጃፍ ለተመለሰው ተማሪ አይሰጥም፤ በየቤቱ ርኃቡንና ብርዱን ታግሦ ትምህርቱን ለፈጸመው ነው።

ቅዱስ ጳውሎስም በገማልያል እግር ሥር ተቀምጦ ሕግን የተማረ ሲሆን ድንኳን መስፋትንም ያውቅ ነበር። በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋራ ተቀምጦ ድንኳን ይሰፋ፣ በየሰንበቱም በምኵራብ ያስተምር እንደ ነበረ በሐዋርያት ሥራ ተጽፏል። መርፌው ከስብከቱ አላጣላውም። ይልቁንም እንጀራውን በእጁ ድካም ስላገኘ፣ በማንም ላይ ሳይከብድ ለማስተማር ተመቸው።

በቅርብ ዘመን ከነበሩት ኢትዮጵያውያን ደግሞ የሐኪም ወርቅነህ እሸቴ ታሪክ ይህን ነገር በጣም ያስረዳል። በ1860 ዓ. ም. ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ በሞቱ ጊዜ ወርቅነህ ገና ሕፃን ነበሩ። ከወላጆቻቸው ተለይተው ስለ ተገኙ የእንግሊዝ መኰንኖች ወደ ሕንድ አገር ወሰዷቸው፤ በዚያም ቻርለስ ማርቲን ተብለው አደጉ። በላሆር ከተማ ሕክምና ተማሩ፤ ትምህርታቸውንም በስኮትላንድ አስፋፉ፤ ከዚያም በበርማ አገር ለእንግሊዝ መንግሥት ሐኪም ሆነው አገለገሉ። ከዐድዋ ድል በኋላ ወደ ኢትዮጵያ በመጡ ጊዜ ዘመዶቻቸው በሰውነታቸው ላይ በነበረው ጠባሳ ለይተው አወቋቸው፤ ወርቅነህ የተባለውንም የፊተኛ ስማቸውን ነገሯቸው። አገሩን፣ ቋንቋውን፣ ስሙንም ሳይቀር አጥቶ ያደገ ሰው፣ ከሞያው በቀር ምንም የለኝም ብሎ በሐኪምነቱ ብቻ ቢኖር ማንም ባልፈረደበት ነበር።

እርሳቸው ግን እንዲህ አላደረጉም። ሕመምተኛ አከሙ፤ በ1917 ዓ. ም. የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በተከፈተ ጊዜ የትምህርት ቤቱ የበላይ ጠባቂ ሆኑ፤ ከባርነት ነጻ ለወጡ ልጆችም ትምህርት ቤት እንዲኖር ደከሙ፤ ተማሪዎች ዓለምን እንዲያውቁ የመልክዐ ምድር መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ። በኋላም የጨርጨር ገዥ ሆነው አገር አስተዳደሩ። በ1928 ዓ. ም. የኢጣልያ ጦር ኢትዮጵያን በወረረ ጊዜ፣ ዕድሜያቸው ወደ 70 ዓመት ቀርቦ ሳለ፣ በሎንዶን የኢትዮጵያ መንግሥት ሚኒስትር ሆነው ስለ አገራቸው ይከራከሩ ነበር። በ1929 ዓ. ም. ሁለት ልጆቻቸው በጠላት እጅ ተገደሉባቸው። ከነጻነት በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ1945 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ዐረፉ።

እንግዲህ ይህን ሰው በአንድ የሥራ ስም ለመጥራት ምን ይባላል? ሐኪም ቢባል ትምህርት ቤቱ ይቀራል፤ መምህር ቢባል ግዛቱ ይቀራል፤ ገዥ ቢባል የሎንዶኑ ክርክር ይቀራል። ዓላማው ግን አንድ ሆኖ ይታያል፤ በልጅነታቸው ለተለዩት ሕዝብ፣ በባዕድ አገር ያገኙትን እውቀት ሁሉ መልሶ መስጠት ነው። ሥራቸውን የለወጠው መሰልቸት አልነበረም፤ የሕዝቡ ችግር ነበር። ሕመምተኛ በነበረበት መድኃኒት፣ ያልተማረ በነበረበት ትምህርት፣ ጠላት በመጣ ጊዜም አፍ ያስፈልግ ነበርና።

የአናሲሞስ ነሲብ ታሪክ ደግሞ ነገሩን በሌላ ወገን ያሳያል። እርሳቸው በኢሉባቦር ተወልደው በልጅነታቸው ለባርነት የተሸጡ፣ በምጽዋም ነጻ የወጡ ሰው ነበሩ። በስዊድን አገር ተምረው ለወገኖቻቸው ወንጌልን ለመስበክ ወደ ኦሮሞ አገር ለመግባት ደጋግመው ሞከሩ፤ መንገዱ ግን ተዘጋባቸው። ሰባኪ ለመሆን የተዘጋጀ ሰው መድረሻ ሲያጣ፣ ዕድሌ ጠፋ ብሎ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ ይቀለዋል። እርሳቸው ግን በምጽዋ አጠገብ ተቀምጠው ተርጓሚ ሆኑ። እንደ እርሳቸው ከባርነት የወጣችው አስቴር ጋኖ የቋንቋውን ቃልና የሕዝቡን ተረት እየሰበሰበች ረዳቻቸው፤ ሁለቱም በኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ አዘጋጁ፤ መጽሐፍ ቅዱስም ተተርጕሞ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1899 ዓ. ም. ታተመ። ከአምስት ዓመት በኋላ ወደ ወለጋ በገቡ ጊዜ መጽሐፉን ይዘው ገቡ፤ በነቀምቴም ትምህርት ቤት ከፈቱ። መንገዱ ቀድሞ ተከፍቶላቸው ቢሆን ድምፃቸው ይሰማ ነበር፤ መንገዱ ስለ ተዘጋ ግን፣ ድምፃቸው ከማይደርስበት የሚደርስ መጽሐፍ ተገኘ።

ሰውን በሥራው ስም ብቻ መመዘን በአገራችን ብዙ ጉዳት አድርጓል። ብረት የሚሠራውን ጠይብ፣ ልብስ የሚሠራውን ሸማኔ፣ ቆዳ የሚያለፋውን ፋቂ እያሉ ስሙን ስድብ አደረጉበት። በሠራው ማረሻ እያረሱ፣ በሠራውም ሸማ እያጌጡ ናቁት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ. ም. ሠራተኛን በሥራው እንዳይሰድቡት በአዋጅ መከልከላቸው ስለዚህ ነው። የሥራው ስም የተናቀበት ሰው በስሙ አይናቅ፤ ለሥራው አንድ ስም የታጣለትም ሰው ስም ስለ ታጣለት ከንቱ አይባል። ፍርዱ በሁለቱም አንድ ነው።

ይሁን እንጂ ሰነፍ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ ደስ ሊለው አይገባም። ዛሬ ጕድጓድ ጀምሮ ድንጋይ ሲያገኝ ትቶ ሌላ የሚጀምር ሰው አለ፤ አሥር ጕድጓድ ቢኖረውም የሚጠጣው ውሃ የለውም። ይህ ሰው ብዙ ስጦታ ስላለው አይደለም፤ አንዱም ስጦታ እስኪያስጨንቀው ድረስ ስላልታገሠ ነው። እንግዲህ ባለ ብዙ ስጦታና ተቅበዝባዥ በምን ይለያሉ ቢሉ፣ በሦስት ነገር ይለያሉ። አንደኛ፣ ባለ ስጦታው የጀመረውን ለሌላ ሰው የሚጠቅም እስኪሆን ድረስ ሳያደርስ አይተወውም፤ ተቅበዝባዡ ግን ገና ሲያደክመው ይተወዋል። ሁለተኛ፣ ባለ ስጦታው ሥራውን ሲለውጥ የፊተኛው እውቀቱ ለኋለኛው ይረዳዋል፤ ተቅበዝባዡ ግን ሁልጊዜ እንደ አዲስ ይጀምራል። ሦስተኛ፣ ባለ ስጦታው ለማን እንደሚሠራ ቢጠየቅ መልስ አለው፤ ተቅበዝባዡ ግን የሚያስበው ለራሱ ደስታ ብቻ ነው።

ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ሲሰበር በአንዱ ተንጠልጠል የሚል የአበው ምሳሌ አለ። ይህ ለኑሮ ጥንቃቄ መልካም ምክር ነው። ነገር ግን ሁለቱ ባላ የሚተከሉት ሰው ከመሬት እንዳይወድቅ ብቻ ከሆነ ገና ጐዶሎ ነው፤ በሁለቱ ባላ ላይ አግዳሚ ቢጋደምበት ግን የቤት መጀመሪያ ይሆናል፣ ሌላውም ሰው ይጠለልበታል። ብዙ ሞያንም በአንድነት የሚያቆመው አግዳሚ ዓላማ ነው።

ስለዚህ መምህርና ወላጅ ልጁን ምን ትሆናለህ ብለው ቢጠይቁት ክፉ አይደለም፤ ይህ ብቻ ግን አይበቃም። የማን ችግር ያሳዝንሃል? ይህንስ ችግር ለማቃለል በእጅህ ምን አለ? ብለው ይጠይቁት። ለመጀመሪያው ጥያቄ መልስ ያጣ ልጅ ለእነዚህ መልስ አያጣም። ተማሪም ለሕይወቱ ስም እስኪያገኝ ድረስ ሥራውን አያቆይ። ዛሬ በፊቱ ያለውን ትምህርት ይፈጽም፤ ነገ ለሌላ ሥራ ቢጠራ ደግሞ የያዘውን እውቀት ይዞ ይሂድ።

በወንጌል እንደ ተነገረው ምሳሌ፣ ጌታው መክሊት ሰጥቷቸው ከሄደ በኋላ በተመለሰ ጊዜ፣ አምስት የተቀበለውን አራቱን ጥለህ አንዱን ለምን አልመረጥህም አላለውም፤ አምስቱን ሁሉ ስላተረፈባቸው አመሰገነው። ሁለት የተቀበለውም ያንኑ ምስጋና አገኘ። የተፈረደበት በመሬት የቀበረው ብቻ ነው።