ለሩብ ሰዓት ጥያቄ የሦስት ቀን መንገድ

ለሁለተኛና ለሦስተኛ ዲግሪ የሚያመለክት ሰው የሚያልፍባቸው በሮች በየጊዜው ይበዛሉ እንጂ አይቀንሱም። መጀመሪያ ትምህርት ሚኒስቴር የሚያዘጋጀው ብሔራዊ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና አለ። ፈተናው በኮምፒውተር የሚሰጥና በየክልሉ ባሉ ዩኒቨርሲቲዎች የሚወሰድ በመሆኑ አመልካቹን ከቤቱ ብዙ አያርቀውም። ያለፈ ሁሉ ግን ገባ ማለት አይደለም። በተለይ ለሦስተኛ ዲግሪ፣ የሚመለከተው ትምህርት ክፍል የራሱን የጽሑፍ ፈተናና ቃለ መጠይቅ ይጨምርበታል። ፈተናው ወደ ሰው መሄድ ከጀመረ በኋላም ቃለ መጠይቁ ሰውን ወደ ራሱ እንደጠራ ቀርቷል።

የጉዞው መነሻ ማስታወቂያ ነው። ስሙ ይቆይና፣ አንድ ትምህርት ክፍል የአመልካቾችን ዝርዝር አርብ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳ ላይ ለጥፎ ቃለ መጠይቁን ለሰኞ ጠዋት ቀጠረ። አንድ ደግ ሰው ወረቀቱን በስልኩ አንስቶ ቴሌግራም ላይ ባይለቀው ኖሮ ጅማ ያለ አመልካች ነገሩ ካለፈ በኋላ ይሰማ ነበር። እንደዚያም ሆኖ ፎቶው ላይ የመስታወቱ ነጸብራቅ አርፎበት የአዳራሹ ቁጥር አይነበብም።

የቀንና የሰዓት አጻጻፉ ሌላ ጣጣ ነው። በእንግሊዝኛው ደብዳቤ «ኦክቶበር 5» የተባለው ቀጠሮ በአማርኛው ማስታወቂያ «ጥቅምት 5» ሆኖ ይወጣል። ኦክቶበር 5 በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 25 ነው፤ አማርኛውን ያመነ ሰው አስር ቀን ዘግይቶ ይደርሳል። «8:30» ብቻ ብሎ የሚያልፍ ጸሐፊም አለ። በፈረንጁ ከሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሐበሻው ከሆነ ከምሳ በኋላ ነው። ልምድ ያለው አመልካች በጠዋት ሄዶ በር ላይ ይጠብቃል።

ቀጥሎ ፈቃድና ሰነድ ይመጣል። አብዛኛው አመልካች ደመወዝተኛ ነው፦ የጤና ጣቢያ ባለሙያ፣ የሁለተኛ ደረጃ መምህር፣ የወረዳ ግብርና ሠራተኛ። ሦስት ቀን ለመቅረት አለቃውን ያስፈቅዳል። አለቃው ደግሞ ያው የስፖንሰርሺፕ ደብዳቤ የሚጽፈው ሰው ስለሆነ ሁለቱን በአንድ ጊዜ መጠየቅ ያሳፍራል። ቴምፖ፣ ስቱደንት ኮፒ፣ የድጋፍ ደብዳቤ፣ የፕሮፖዛሉ ቅጂ፣ ሁሉም «ዋናው ከኮፒው ጋር» ተብሎ በላስቲክ ፋይል ይታሸጋል። ኦፊሻል ትራንስክሪፕቱ ከተማረበት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ እንዲላክ ሲጠየቅ የኮስት ሼሪንጉ ዕዳ አብሮ ይነሳል።

መንገዱ እንደ አገሩ ይለያያል። ወደ አዲስ አበባ ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር፣ ከደብረ ማርቆስ 300፣ ከጅማ 350 ያህል ነው፤ ከባሕር ዳር ከ550 ያልፋል። በጎጃም በኩል የሚመጣው ደጀን ላይ ወደ ዓባይ በረሃ ወርዶ ወደ ጎሐ ጽዮን ይወጣል። በጃፓን እርዳታ የተሠራው ድልድይ መሻገሪያውን አቀለለው እንጂ ቁልቁለቱንና ዳገቱን አላሳጠረውም። መንገዱ ክፍት ነው ወይ የሚለው ጥያቄም ባለፉት ዓመታት ከትራንስክሪፕቱ ቀድሞ የሚነሳ ሆኗል። አቅም ያለው በአውሮፕላን ይመጣል። የመምህር ደመወዝ ግን ለአንድ ቃለ መጠይቅ ደርሶ መልስ ትኬት አይችልም።

ለማደሪያ ሁለት ምርጫ አለ፤ አልጋ መያዝ ወይም ዘመድ ቤት ማረፍ። አልጋው ገንዘብ ይበላል፣ ዘመድ ቤት ደግሞ እንቅልፍ ይበላል። ዘመድ በስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ከልጆቹ ጋር ተጣቦ ቢኖርም እንግዳ አይመልስም። ፍራሽ ይነጠፋል፣ የአገር ቤት ሰው ሁሉ አንድ በአንድ ይጠየቃል፣ ማን እንደሞተና ማን እንዳገባ ሲወራ ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ይሆናል። ፕሮፖዛሉን አንድ ጊዜ ላንብበው ያለ እንግዳ አፍሮ መልሶ ያስቀምጠዋል። ጠዋት አክስት ከረባቱን ራሷ ተኩሳ ፍርፍሩን ታቀርባለች። «አክስቴ፣ ይረፍድብኛል» ቢላት «በባዶ ሆድህ ምን ትመልስላቸዋለህ?» ብላ ታስቀምጠዋለች። በዚህ ጉዞ ላይ አመልካቹን እንደሚገባው የሚቀበለው ሰው እሷ ብቻ ናት ቢባል ግነት አይሆንም። አገሪቱ ለድህረ ምረቃ ትምህርት የምታወጣው ወጪ ሲሰላ የአክስቶች ፍራሽና ፍርፍር ተደምሮ አያውቅም።

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጠራ ሰው የትኛው ግቢ እንደሆነ አስቀድሞ ማጣራት አለበት። ዋናው ግቢ ስድስት ኪሎ፣ በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሳይንስ አራት ኪሎ፣ ቴክኖሎጂ አምስት ኪሎ፣ ሕክምና ጥቁር አንበሳ፣ ሕንፃ ኮሌጅ ልደታ፣ የእንስሳት ሕክምና ደግሞ ቢሾፍቱ ይገኛል። ማስታወቂያው «ዋናው ቢሮ» ብቻ ካለ እንግዳው ከአንዱ ኪሎ ወደ ሌላው በሚኒባስ ሲመላለስ ተራው ያልፋል።

ተራው ራሱ የሚጠራው በእንግሊዝኛ ፊደል ነው። አበበና አስቴር በጠዋት ገብተው ይወጣሉ፤ ዮናስና ዘሪሁን ከምሳ በኋላም ኮሪደር ላይ ናቸው። የአዲስ አበባው ዮናስ ቤቱ ሄዶ ምሳውን በልቶ ይመለሳል። የአርባ ምንጩ ዘሪሁን ግን የመመለሻ አውቶቡሱን በዚያ ቀን አያገኘውም፤ ሌላ ሌሊት፣ ሌላ አልጋ። ስም ያወጡለት ወላጆቹ ይህን ማወቅ ነበረባቸው።

ውስጥ ሦስት ወይም አራት መምህራን ተቀምጠዋል። የሚጠይቁት ሩብ ሰዓት ያህል ነው። መጀመሪያ ራስህን አስተዋውቅ ይባላል፤ የት እንደተማረ፣ መቼ እንደተመረቀ፣ የት እንደሚሠራ ይናገራል። ይህ ሁሉ ፊታቸው ባለው ፋይል ተጽፏል። ደህናው ጥያቄ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፦ «ያሰብከውን መረጃ ባታገኝ ጥናቱን እንዴት ታስኬደዋለህ?» ፕሮፖዛሉን ራሱ የጻፈና ያስጻፈ በዚህች ጥያቄ ይለያሉ። ስለዚህ ቃለ መጠይቁ ይቅር ማለት ስህተት ነው። ያልተገባው ሰውየውን 500 ኪሎ ሜትር ማስመጣቱ ነው።

ልማዱ የመጣበት ምክንያት አለው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድህረ ምረቃ ትምህርት ቤቱን እ.ኤ.አ. በ1978 ሲያቋቁም በአገር ውስጥ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚያስብ ሰው ሌላ የሚያንኳኳው በር አልነበረውም ማለት ይቻላል። ዛሬ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ከ40 በላይ ናቸው። ብሔራዊው ፈተና የሚሰጥባቸው የኮምፒውተር ክፍሎች በየቦታው አሉ። አመልካቹ አቅራቢያው ባለው ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ አንድ ታዛቢ አጠገቡ ተቀምጦ፣ ጠያቂዎቹ ከስድስት ኪሎ በቪዲዮ ቢያናግሩት የሚጎድል ነገር የለም። ከኮቪድ ወዲህ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲዎች ኢትዮጵያውያን አመልካቾችን በዙም እያናገሩ ይቀበላሉ። ጎንደር ያለን ሰው ከአውሮፓ መጠየቅ ተችሎ ከአዲስ አበባ የማይቻልበት ምክንያት እስካሁን አልተነገረም።

የሚቃወሙት ሁለት ነገር ያነሳሉ። ኔትወርክ ይቆራረጣል ይላሉ፤ የተቋረጠ ጥሪ እንደገና ይደወላል፣ ያመለጠ አውቶቡስ ግን አይመለስም። ከጀርባ ሰው መልስ ይነግረዋል ይላሉ፤ ታዛቢው የሚቀመጠው ለዚያ ነው። «ሰውን ፊት ለፊት ካላዩት አይታወቅም» የሚል ሦስተኛም አለ። ሩብ ሰዓት አይቶ ሰው አወቅኩ ከሚል መምህር ጋር ክርክር አያስፈልግም።

አሁን ባለው አሠራር ሲመረጡ የሚታዩት መድረስ የቻሉት ናቸው። ፈቃድ የተከለከለው፣ ብር ያጠረው፣ መንገድ የተዘጋበት፣ የሚጠባ ልጅ ያላት፣ እነዚህ «ያልቀረቡ» ተብለው ይሰረዛሉ፤ መዝገቡ ላይ የትምህርት ድክመት ይመስላል። ቪዲዮው እስኪመጣ ድረስ የትምህርት ክፍል ኃላፊዎች ያለ ምንም በጀት ማድረግ የሚችሉት አለ። ማስታወቂያውን ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ አውጡ። ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር፣ ሰዓቱን ጠዋት ወይም ከሰዓት ብላችሁ፣ ግቢውንና የክፍሉን ቁጥር ጨምራችሁ ጻፉ። ከክፍለ ሀገር የመጣውንም ከፊደል ተራ አውጥታችሁ ጠዋት አስገቡት፤ የመመለሻው አውቶቡስ ሳይሄድበት።