የዋይፋዩ ሳጥን ካፊል አያስፈልገውም

ባለፈው ስብሰባ «ሳጥኑ ይጣል፣ አዲስ ይገዛ» ያላችሁ እህቶች፣ ይሄን የምጽፈው ለእናንተ ነው። አልተጣላሁም፣ ግን አልስማማም። አለመስማማቴን ደግሞ ቡና ላይ ከማንሾካሹክ እዚሁ ሁላችንም በምናነበው ላይ ብጽፈው ይሻላል ብያለሁ።

ላልነበራችሁ ባጭሩ ልንገር። እሁድ እሁድ የምንሰበሰብባት ክፍል ውስጥ ያለው የዋይፋይ ሳጥን (ራውተር በሉት፣ አክሰስ ፖይንት በሉት፣ ለኛ ያው ነው) ከማኅበሩ ካዝና የተገዛ ነው። ደረሰኙም አለ። መስመሩን ከጣሪያ በገመድ የሚያወርድልን የሰፈሩ የኢንተርኔት ሰውዬ መጥቶ አየውና «ይሄ አርጅቷል፣ ፋብሪካው ትቶታል። እኔ አዲስ አምጥቼ እተክልላችኋለሁ፣ ፓስዎርዱንም እኔ እይዘዋለሁ፣ እናንተ አትልፉ» አለን። ዋጋውን በዶላር ጠራ። እስከ ወሩ መጨረሻ ወስኑ ብሎ ሄደ፣ ከኛ ግማሹ እዚያው እሺ አለ።

«እናንተ አትልፉ» ሲሉኝ ጆሮዬ ይቆማል። ፓስፖርቴን የወሰዱትም «እንዳይጠፋብሽ እኛ እናስቀምጥልሽ» ብለው ነው። የመጀመሪያዋ ማዳሜ ደሞዜን «ስትሄጂ ባንዴ ይሻልሻል» እያለች ነበር የምትይዘው። ሁሉም እንዳንለፋ ብለው ነው! እዚህ አገር ለኛ ተብሎ ከእጃችን ያልወጣ ምን አለ?

እስቲ ሰውዬው ያለውን እንመዝነው። ግማሹ እውነት ነው፣ አልክድም። ፋብሪካዎች አንድን ሳጥን ጥቂት ዓመት ይንከባከቡትና ይተዉታል። ከዚያ በኋላ በፕሮግራሙ ላይ ቀዳዳ ሲገኝ የሚደፍነው የለም፣ ሌባም በዚያ ይገባል። ይሄ ቀልድ አይደለም። ግን ያረጀው ምኑ ነው? ፕላስቲኩ? አንቴናው? ያረጀው ውስጡ ያለው ፕሮግራም ነው። ሳጥኑ ትንሽ ኮምፒውተር ነው፣ «እንዲህ ሥራ» እያለ የሚያዘው ፕሮግራም ፈርምዌር ይባላል። ሊጡ ስለኮመጠጠ ምጣዱን የሚሰብር ማን ነው? ሊጡን ደፍተሽ ሌላ ታቦኪያለሽ እንጂ።

ሌላው ሊጥ አለ፣ በነጻ። ስሙ ኦፕን ደብሊዩአርቲ ይባላል። ታሪኩን ስሰማ ደስ ስላለኝ ልንገራችሁ። ሊንክሲስ የሚባለው ኩባንያ ደብሊዩአርቲ 54ጂ የሚባል ሳጥን ይሸጥ ነበር። ውስጡ ሊኑክስ መሆኑን ሰዎች ደረሱበት። የሊኑክስ ፈቃድ ደግሞ «ተጠቅመህ ከሸጥክ የለወጥከውን ኮድ ለገዛህ ሰው ግለጥ» ይላል። ሰዎቹ ጠየቁ፣ ወተወቱ፣ ኩባንያውም እ.ኤ.አ. በ2003 ኮዱን አወጣ። በ2004 ደግሞ ከዚያ ተነስተው ኦፕን ደብሊዩአርቲን ጀመሩ። ስሙ ራሱ ከዚያ ሳጥን የመጣ ነው። ዛሬ የብዙ ፋብሪካ ሳጥኖች ላይ ይሠራል፣ ፋብሪካው ለተዋቸውም ጭምር ማሻሻያ ይወጣል። መብታቸውን ከወረቀት ላይ አንብበው ጠየቁ፣ አገኙ። እኛም ወረቀት ብናነብ ይጠቅመናል ባይ ነኝ። እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ አንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ከሕጉ ያስወጣታል፣ ለዚህ ነው በካፊል የምንኖረው። እሱን እኔና እናንተ በአንድ እሁድ አንለውጠውም። ይሄን ሳጥን ግን ከካፊል ማውጣት እንችላለን፣ በገንዘባችን የገዛነው ነው።

«ክልክል ቢሆንስ?» ያለችኝ ነበረች። በገዛ ሳጥንሽ ላይ ነጻ ፕሮግራም መጫን ሌብነት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የአሜሪካ መንግሥት የመገናኛ ኮሚሽን ቲፒ-ሊንክን ከተፈቀደው ኃይል በላይ ሊሠሩ በሚችሉ ሳጥኖች ምክንያት 200,000 ዶላር ሲያስከፍለው፣ ኩባንያው ከክፍት ፕሮግራም ሠሪዎች ጋር ተባብሮ ሰዎች የሌላ ፈርምዌር መጫን እንዲችሉ እንዲሠራም አስማምቶታል። ክልክሉ የሞገዱን ኃይል ከአገሩ ሕግ በላይ ማድረግ ነው። ለዚያ መድኃኒቱ አገሩን «ሊባኖስ» ብሎ መሙላት ነው፣ በቃ።

«ወንድ ይጠራ» ለምትሉት ምን ልበል? እኔ ከአሥረኛ ክፍል ነው የወጣሁት። የአይቲ መጽሐፍ ነበረን፣ ኮምፒውተሮቹ ግን አቧራ እንዳይነካቸው ተብሎ ክፍሉ ተቆልፎ ነው ዓመቱ ያለቀው። ስለዚህ «እሷ ስለተማረች ነው» አትበሉኝ። ግን እዚህ ቤይሩት ስንት ዓመት ሠራን? የጀርመን ልብስ ማጠቢያ በፈረንሳይኛ ተጽፎበት፣ ማዳም በአረብኛ እየጮኸች፣ እኛ በአማርኛ እያሰብን አሠርተነዋል። ክሎር ከአሲድ ማጽጃ ጋር እንደማይቀላቀል ጠርሙሱ ላይ ያለውን አይተን ነው ሳንባችንን ያዳንነው። ይሄ ሳጥን ከዚያ አይከብድም። እንግሊዝኛው የሚያስቸግር ቦታ ላይ ቃሉን ስልክ ላይ እናያለን።

ምን እናገኛለን? ለኔ ትልቁ ይሄ ነው። እሁድ ከሰዓት ሁላችንም ባንዴ አገር ቤት ስንደውል ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። አንዷ ፊልም ታወርዳለች፣ የሌላዋ እናት «ሃሎ፣ ሃሎ» እያለች ትቀራለች። ጠብ ይነሳል፣ «እሷ ናት ኔቱን የበላችው» ይባላል። እንደ ሰፈራችን ቦኖ አስቡት። አንዷ አሥር ጀሪካን ደርድራ ብትመጣና ሁሉንም እስክትሞላ ቢጠበቅ፣ አንዲት ጆግ የያዘችው ልጅ እስኪመሽ ትቆማለች። ጀሪካን በጀሪካን በየተራ ቢሆን ግን ባለጆጓ ወዲያው ቀድታ ትሄዳለች፣ ባለአሥሯም ብዙ አትዘገይም። ኦፕን ደብሊዩአርቲ ላይ ኤስኪውኤም የሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም ይጫናል፣ ሥራው ይሄ ተራ ማስያዝ ነው። ተራ የሚያሲዘው ዘዴ ስሙ ኬክ ነው፣ ከምሬ ነው። የመስመሩን ፍጥነት ከትክክለኛው ትንሽ አሳንሰሽ ትነግሪዋለሽ፦ 4 ሜጋቢት ከሆነ 3.6 ትይዋለሽ፣ ወረፋው ሰውዬው ጋ መሆኑ ቀርቶ እኛ ሳጥን ውስጥ እንዲሆን። የድምፅ ጥሪ ጆግ ነው፣ ፊልም ጀሪካን ነው። መስመሩን አያፈጥነውም፣ ይሄን እወቁ። 4 ሜጋቢት 4 ሜጋቢት ነው። ያለውን ግን በፍርድ ያካፍላል።

ሌላው የእንግዳ ዋይፋይ ነው። ለአንድ ቀን ለመጣች እህት ለብቻው ስምና ፓስዎርድ ይወጣል፣ የኛን ስልኮችና የማኅበሩን ላፕቶፕ ሳታይ ኔት ታገኛለች። ፓስዎርዱ በወጣ ቁጥር የሁላችንን መቀየር ይቀራል።

እዚህ ላይ አንዷ እህታችን ያለችውን ማለፍ አልችልም፣ ከሁሉ የከበደው እሱ ስለሆነ። «ፓስዎርዱን ሰውዬው ባይዘው አንዳችን እንይዘዋለን፣ እሷ ደግሞ አዲሷ ማዳም ትሆናለች» አለች። እውነቷን ነው! በኔት መቅጣት እንደሚቻል ማዳሞቻችን አስተምረውናል፣ እኛም አንማረውም አይባልም። ስለዚህ እንዲህ ይሁን እላለሁ፦ የሳጥኑን ዋና ፓስዎርድ ሁለት ሰዎች ይያዙት፣ በየስድስት ወሩ ይቀየሩ። ሦስተኛው ቅጂ በታሸገ ፖስታ ካዝናው ውስጥ ይቀመጥ። ማን የት ገጽ እንደገባ የሚመዘግብ ምንም ነገር እንዳይከፈት በቃለ ጉባኤ ይጻፍ። ኦፕን ደብሊዩአርቲ በራሱ የጎበኘነውን ገጽ አይመዘግብም። ማን ተገናኘ፣ ማን ወጣ የሚል አጭር ማስታወሻ ግን ይይዛል፣ እሱም መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። ቤይሩት ውስጥ ማለት በየቀኑ ይጠፋል ማለት ነው። ሰውዬው በሚያመጣው ሳጥን ላይ ግን ምን እንደሚመዘገብ ማን ይነግረናል? እኛስ ምን ብለን እንጠይቀዋለን?

ነገር ግን ከመጠን በላይ አልሸጥላችሁም። መስመሩ አሁንም የሱ ነው፣ ወደየትኛው አገልግሎት እንደምንገናኝ ከወዲያ ሆኖ ማየት ይችላል። የዋትስአፕ መልእክታችንን ውስጡን ግን በአሮጌውም በአዲሱም ሳጥን አያነበውም፣ ከስልክ ስልክ ተቆልፎ ነው የሚሄደው።

«ቢበላሽስ፣ ማን ይከፍላል?» እህቶቼ፣ ይጣል ባላችሁት ሳጥን ላይ እኮ ነው የምንሞክረው። ቢሞት የምናጣው ልትጥሉት የነበረውን ነው። የሚሞተውም አብዛኛውን ጊዜ የሌላ ሳጥን ፋይል ሲሰጠው ወይም መሀል ላይ መብራት ሲቋረጥ ነው። ፋይሉን በተመለከተ፦ ሳጥኑን ገልብጠን ታቹ ያለውን ስምና የቨርዥን ቁጥር እናነባለን። አንድ ስም ሆኖ ቨርዥን 2 እና ቨርዥን 5 ውስጣቸው ሊለያይ ይችላል። የኛን ከፕሮጀክቱ ዝርዝር ጋር አመሳክሬዋለሁ፣ አለ። ለመጀመሪያ ጊዜ ከፋብሪካው ፕሮግራም ሲወጣ «ፋክተሪ» የሚለው ፋይል ነው፣ «ሲስአፕግሬድ» የሚለው ከዚያ በኋላ ለሚመጣው ማሻሻያ ነው። ፋይሉ ሲወርድ 64 ፊደልና ቁጥር ያለው መለያ አለው፣ ድረ ገጹ ላይ ካለው ጋር ካልገጠመ አይጫንም። መብራቱን በተመለከተ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ የመንግሥቱ ሄዶ ኢሽቲራኩ እስኪመጣ ያለችው ጥቂት ሰከንድ ትበቃለች ለመግደል። ስለዚህ ሳጥኑን በዚያች ትንሽ ባትሪ ላይ ሰክተን ነው የምንጭነው። ቮልቱና አምፔሩ እንደሚስማማ አይቻለሁ።

የቀረው አጭር ነው። ላፕቶፑ በዋይፋይ ሳይሆን በኬብል ይገናኛል፣ ቀለሙ ከተለየው ቀዳዳ ሳይሆን ከሌሎቹ በአንዱ። በሳጥኑ ገጽ ላይ ፈርምዌር ማሻሻያ የሚለው ውስጥ ፋይሉ ይሰጠዋል፣ ከዚያ ቡና እስኪፈላ ማንም አይነካውም። ሲጨርስ 192.168.1.1 ላይ ይገኛል። ተጠቃሚው «ሩት» ነው፣ ፓስዎርድ የለውም፣ የመጀመሪያው ሥራ ፓስዎርድ ማውጣት ነው። ዋይፋዩ ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ «ሞተ!» ብላችሁ እንዳትጮሁ፣ እኛ ነን የምናበራው። የሰውዬው መሣሪያም በዚያው አድራሻ ከሆነ ይጋጫሉ፣ የኛን 192.168.2.1 እናደርገዋለን።

ሰምታችሁ በግላችሁ ልትገዙ ካሰባችሁ ደግሞ አንድ ነገር። ከ2021 ጀምሮ የወጡት ቨርዥኖች ቢያንስ 8 ሜጋባይት ማስቀመጫና 64 ሜጋባይት ሜሞሪ ይፈልጋሉ። በየሱቁ ያለው ርካሹ ቲፒ-ሊንክ 841ኤን ብዙዎቹ ቨርዥኖቹ 4 እና 32 ናቸው፣ አትሞኙ። አርቸር ሲ7 ቨርዥን 2 ወይም 5 ያገለገለ ብታገኙ 16 እና 128 አለው፣ ይበቃል።

እና ይሄን ደግሜ ደጋግሜ፦ የማዳምን ሳጥን እንዳትነኩ! የምትሠሪበት ቤት ራውተር ያንቺ አይደለም። ቢበላሽ «ሰበረች» ብቻ አይባልም፣ «ሰለለች፣ ሰረቀች» ይባላል። ወረቀትሽ ደግሞ በነሱ እጅ ነው። እኔ የምናገረው ደረሰኙ በእጃችን ስላለው አንድ ሳጥን ነው።

«ለዋይፋይ ይሄ ሁሉ?» ለምትሉ፣ በ2020 ሐዝሚዬ ቆንስላው ፊት ለፊት እህቶቻችን ከነሻንጣቸው ሲጣሉ ዓለም ያየው በስልክ ተነስቶ በወጣ ፎቶና ቪዲዮ ነው። በቤቷ ተዘግቶባት «ድረሱልኝ» የምትል ልጅ ቮይስ የምትልከው ወደዚችው ክፍል ነው። ያን ቀን ክፍያ ሁለት ቀን ዘገየ ብሎ ፓስዎርድ የሚቀይር ሰው መሀላችን እንዲቆም አልፈልግም። ባለፈው ክረምት አድርጎታል፣ ረሳችሁት?

የፊታችን እሁድ ከቋንቋ ትምህርቱ በኋላ ድምፅ እንስጥ። እሺ ከተባለ እዚያው ቁጭ ብለን እንጭነዋለን። ኬብል እኔ አለኝ፣ ፋይሉን በፍላሽ አውርጄዋለሁ፣ ላፕቶፕ ያላት ብታመጣ ጥሩ ነው፣ የማኅበሩ ባትሪ አይይዝም። እምቢ ያላችሁም ኑና ቆማችሁ እዩ፣ የሁለተኛዋ ፓስዎርድ ያዥ ከእናንተ ብትሆን ደስ ይለኛል።