ፒራሚዱን ያነጹት ሰዎች የት ሄዱ?

የዚህ ወር ጉዟችን ወደ ሜክሲኮ፣ ዩካታን ወደተባለው ባሕረ ገብ መሬት ነው። በአሜሪካ የሚኖሩ ብዙ ቤተሰቦች ለዕረፍት ካንኩን ይወርዱና ባሕሩን ብቻ አይተው ይመለሳሉ። ያስቆጫል። ከዚያ ወደ ምዕራብ በመኪና ሁለት ሰዓት ተኩል ያህል ቢጓዙ ቺቼን ኢትዛ ይደርሱ ነበርና።

በጧት፣ በሩ ሲከፈት መግባት ይሻላል። እኩለ ቀን ላይ ሙቀቱ ልጆችን ያዝላል። ውኃና ባርኔጣ አይረሳ። ምግብ ስታዙም ጠይቁ፤ የአገሩ ስመ ጥር ምግብ ኮቺኒታ ፒቢል የዐሳማ ሥጋ ነው፤ ባቄላው እንኳ አንዳንዴ በዐሳማ ስብ ይሠራል።

ከሩቅ የሚታየው ፒራሚድ 30 ሜትር ያህል ከፍታ አለው። መውጣት ክልክል ነው። በአራቱም ጎኖች እያንዳንዳቸው 91 ደረጃዎች አሏቸው፤ የላዩ መድረክ ሲደመር 365 ይሆናል። የዓመቱ ቀናት መሆናቸው ነው። ማያዎች ዓመታቸውን በ18 ወር ከፍለው ለእያንዳንዱ ወር 20 ቀን ይሰጡና በመጨረሻ 5 ቀን ይጨምሩ ነበር። ጳጉሜን ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። እነርሱ ግን አምስቱን ቀናት እንደ ክፉ ገድ ይፈሯቸው ነበር። ዜሮንም ያውቁ ነበር። «ዜሮ» የሚለው ቃል «ሲፍር» ከሚለው ዐረብኛ መምጣቱን የሚያውቅ ወጣት፣ ከውቅያኖስ ማዶ ያለ ሕዝብ ከማንም ሳይማር እዚያው ሐሳብ ላይ መድረሱን ሲሰማ መደነቁ አይቀርም።

ከፒራሚዱ በስተሰሜን ትልቅ የተፈጥሮ ጉድጓድ አለ። የዩካታን መሬት የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይመጠዋል፤ ወንዝ ከላይ አይፈስም፤ ሕይወት በእነዚህ ጉድጓዶች ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ከዚህኛው ግን ወርቅና የከበረ ድንጋይ ብቻ ሳይሆን የሰው አጥንትም ወጥቷል፤ የሕጻናት ጭምር። ዝናብ ለመለመን ለጣዖት የተሠዉ ናቸው። ይህን ለልጆች ሸፍኖ ማለፍ አይገባም። የሒሳቡ ጥበብና ይህ ግፍ የአንድ ሕዝብ ሥራዎች ናቸው።

ጎብኚ ሁሉ የሚጠይቀው «እነዚህ ሰዎች የት ጠፉ?» ብሎ ነው። ጥያቄው ራሱ ትክክል አይደለም። በደቡብ ያሉት እንደ ቲካልና ፓሌንኬ ያሉ ከተሞች እ.ኤ.አ. በ9ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ በድርቅና በጦርነት ባዶ ሆነዋል፤ ሕዝቡ ግን ቀጥሏል። የመጨረሻው የማያ መንግሥት በስፔኖች እጅ የወደቀው በ1697 ነበር። ከዚያ በፊት፣ በ1562፣ ዲዬጎ ዴ ላንዳ የተባለ መነኩሴ ማኒ በተባለች ከተማ መጻሕፍታቸውን ሰብስቦ አቃጠለ። ዛሬ በዓለም ላይ የቀሩት የማያ ጥንታዊ መጻሕፍት አራት ብቻ ናቸው፤ ሦስቱ ድሬስደን፣ ማድሪድና ፓሪስ ሲገኙ አንዱ በሜክሲኮ ሲቲ ነው። ለዚህ ነው ጽሑፋቸውን ማንበብ ምሁራንን እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ያስቸገራቸው። ድንጋዩ ተረፈ እንጂ ወረቀቱ ነደደ።

ቋንቋው ግን አልነደደም። በጊቢው መንገድ ዳር የእንጨት ጭምብልና ጥልፍ ልብስ ከሚሸጡት ብዙዎቹ ማያዎች ናቸው፤ እርስ በርስ ሲነጋገሩ የምትሰሙት ስፓኒሽ ላይሆን ይችላል። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት «ቢሽ አ ቤል?» በሏቸው። ደኅና ነህ ወይ ማለት ነው፤ ቃል በቃል ሲተረጎም ደግሞ «መንገድህ እንዴት ነው?» ይሆናል። መልሱ «ማሎብ» ነው፤ ደኅና።