ገንዘብ የማይሻገረው የመገናኛ መስመሮች ወሰን

ማንኛውም የመገናኛ መስመር፣ የስልክ ሽቦም ሆነ የሬዲዮ ሞገድ፣ በሰከንድ ሊያስተላልፍ የሚችለው የመረጃ መጠን ወሰን አለው። ይህንንም አሜሪካዊው የሂሳብ ሊቅ ክላውድ ሻነን እ.ኤ.አ. በ1948 በቤል ላቦራቶሪ ሳለ ባሳተመው ጥናት በቀመር ማረጋገጡ ይታወቃል።

በቀመሩ መሠረት ወሰኑ የሚለካው በሁለት ነገሮች ነው፤ እነርሱም የፍሪኩዌንሲው ስፋትና የሲግናሉ ኃይል ከሁካታው አንጻር ያለው ብልጫ ናቸው። ሁካታ የሚባለው ከሙቀት፣ ከኤሌክትሪክ መሣሪያዎችና ከመሳሰሉት የሚመነጭ፣ መልእክትን የሚያበላሽ ረብሻ ነው።

ለአብነት 3 ሺህ ኸርዝ ስፋት ያለውና ሲግናሉ የሁካታውን 1 ሺህ እጥፍ የሆነ የስልክ መስመር ወሰኑ በሰከንድ 30 ሺህ ቢት ያህል ነው። የማስተላለፊያው ኃይል በእጥፍ ቢያድግ ወሰኑ ከ33 ሺህ ቢት አይዘልም። በአንጻሩ ኃይሉ ሳይጨመር ስፋቱ በእጥፍ ቢያድግ፣ ሁካታው አብሮ እጥፍ ቢሆንም እንኳ፣ ወደ 54 ሺህ ቢት ይደርሳል።

ሻነን ከወሰኑ በታች እስከተላከ ድረስ ስህተትን የተፈለገውን ያህል መቀነስ እንደሚቻልም አመልክቷል። ይሁንና ለዚህ የሚያበቃውን የኮድ ስልት በተግባር ለማዋል አሥርት ዓመታት ወስዷል። እ.ኤ.አ. በ1993 በፈረንሳይ ተመራማሪዎች ይፋ የሆነው ቱርቦ ኮድ ወደ ወሰኑ በእጅጉ ተጠግቷል። ሮበርት ጋላገር በ1960ዎቹ መጀመሪያ ያቀረቡት ስልት ደግሞ በአሁኑ ወቅት በአምስተኛው ትውልድ የሞባይል ኔትወርክ ያገለግላል።

ኮዶች ወደ ወሰኑ በመቃረባቸው የኔትወርክን አቅም ለማሳደግ በዋናነት የቀሩት መንገዶች ሰፊ ፍሪኩዌንሲ መመደብ፣ ረብሻን መቆጣጠር እንዲሁም አንቴናዎችንና ጣቢያዎችን ማብዛት ናቸው። ፍሪኩዌንሲ ግን ብሮድካስት፣ አቪዬሽንና ጸጥታ የሚጋሩት ውስን ሀብት ነው። በመሆኑም ድልድሉ የመንግሥት ውሳኔን የሚጠይቅ ነው። በኢትዮጵያ ይህ ኃላፊነት በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ለተቋቋመው የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

ከዚህ አኳያ የመገናኛ መሣሪያ የሚገዙ መሥሪያ ቤቶች የአቅራቢውን የፍጥነት ተስፋ ብቻ ተቀብለው ውል መፈረም አይገባቸውም። የሚመደበው ፍሪኩዌንሲ ስፋትና በሥፍራው ያለው የሁካታ መጠን አስቀድሞ ሊለካ ይገባል። ወሰኑ በጀት በመጨመር የማይሻገሩት የተፈጥሮ ሕግ ነውና፣ ያለ ልኬት የሚፈጸም ግዥ የሕዝብን ገንዘብ ለብክነት መዳረጉ አይቀርም።