ካርዱን የጻፈው ማን ሆነና?
ግልጽ ደብዳቤ፤ በዱብሊን፣ ኦሃዮ ለሚገኘው ለኦሲኤልሲ የሥራ አመራር

የሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» አንድ የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ገባ እንበል። ካታሎገሩ ርእሱን በፊደልም በላቲንም ይጽፋል። 1958 ዓ.ም. የሚለውን ሲያይ 1965 ወይም 1966 ብሎ ይጠነቀቃል፤ የአንድ ዓመት መስከረምና ጥር በፈረንጅ ዓመቱ ይለያያላ። ከዚያ የስሙ ጣጣ ይመጣል። እንደ ፈረንጅ ቤተሰብ ስም «ዓለማየሁ» ላይ ካስገባው መጽሐፉ በአባትየው ስም ተመዝግቦ ይቀራል፤ በ«ሐ» ተራ የሚፈልግ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ይህን የሚያውቅ ካታሎገር እንደ ልብ አይገኝም። አንዱ በትክክል ከጻፈው ሌላው መገልበጥ ነው እንጂ ምን ያደክመዋል?

ኦሲኤልሲ እ.ኤ.አ. በ1967 በኦሃዮ ኮሌጆች ሲቋቋም ሐሳቡ ይኸው ነበር። ዛሬ ወርልድካት የሚባለው የጋራ ካታሎግም በ1971 ሥራ ጀመረ። በውስጡ ካሉት መዝገቦች አብዛኞቹን የጻፉት አባል ቤተ መጻሕፍት ናቸው፤ የካታሎገሩን ደመወዝ የከፈሉትም እነሱው።

ታዲያ ድርጅቱ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2008 መዝገቦቹን በሌላ ቦታ መጠቀምን የሚገድብ ደንብ አወጣ። የቤተ መጻሕፍት ባለሙያዎች ጮኹ፤ በቀጣዩ ዓመት ደንቡ ተነሳ። ጠባዩ ግን አልተነሳም። በ2022 ክላሪቬት የተሰኘው ኩባንያ ሜታዶር የተባለ፣ ቤተ መጻሕፍት መዝገብ የሚለዋወጡበት መድረክ ሲያዘጋጅ ኦሲኤልሲ ፍርድ ቤት ከሰሰው። ጉዳዩ በዚያው ዓመት በስምምነት አለቀ፤ የሜታዶርም ሥራ ቆመ።

ሌሎች ግን መዝገባቸውን ለቀቁ፣ ካታሎጋቸውም አልፈረሰም። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በ2010 ወደ 3 ሚሊዮን የሚጠጉ መዝገቦችን ያለ ገደብ ሰጠ። ሃርቫርድ በ2012 ከ12 ሚሊዮን በላይ ለቀቀ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ2017 25 ሚሊዮን መዝገቦችን በነፃ እንዲወርዱ አደረገ።

ሰርቨር በነፃ አይሠራም፤ ይህን የሚክድ የለም። ድርጅቱ ለፍለጋው፣ ለመጽሐፍ ትውስቱ፣ ለሶፍትዌሩ ያስከፍል። የደራሲ ስም፣ ርእስና የኅትመት ዓመት ግን የማንም ፈጠራ አይደሉም።

አመራሩ መዝገቦቹን በአንድ ጊዜ መልቀቅ ካስፈራው ከአማርኛና ከትግርኛ ይጀምር። ቁጥራቸው ትንሽ ነው፣ ገበያም የላቸውም፤ አባል ላልሆነ ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ግን የሐዲስን ስም ከአባታቸው ስም ለይቶ የሚያስገባ ሰው ከመቅጠር ያድኑታል።