የጎረቤት እርሾ እስከ መቼ?

ውድ አንባቢ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ቢሮዎ ያለው ኮምፒውተር ውስጡ ምን ምን እየሠራ እንደሆነ ያውቃሉ? «እኔ ምን አገባኝ፣ ደብዳቤዬን ከጻፈልኝ ይበቃኛል» እንደሚሉኝ እገምታለሁ። ያገባዎታል እንጂ! ደብዳቤው የእርስዎ፣ ምስጢሩም የእርስዎ፣ የቤቱ ቁልፍ ግን በሌላ ሰው እጅ።

ኮምፒውተሩን የሚያስተዳድረው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የሚባለው ፕሮግራም ነው። አብዛኞቻችን የምንጠቀመው (ደፍረን እንናገር ከተባለ በየሱቁ አስገልብጠን የምንጭነው) ታሽጎ የመጣውን ነው። ሰው የጻፈው ሶርስ ኮድ አይታይም። ምን እንደገባበት ሳናይ እንጎርሳለን።

ሌላ መንገድ ግን አለ። ሪቻርድ ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ማንም ሊያነበውና ሊለውጠው የሚችል ሥርዓት ለመሥራት መነሳቱን አሳወቀ። በ1991 ሊነስ ቶርቫልድስ የተባለ የ21 ዓመት የሄልሲንኪ ተማሪ የሊኑክስን አስኳል ለቀቀ። በ1999 ደግሞ ጄራርድ ቢክማንስ «ሊኑክስ ፍሮም ስክራች» የተባለውን፣ ሥርዓቱን ከባዶ መገንባት የሚያስተምረውን መጽሐፍ ጀመረ። መጽሐፉ በነፃ ይገኛል።

እኔ በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ ስለሞከርኩት የማወራው የሰማሁትን አይደለም። ከ70 በላይ ፕሮግራሞችን በሶርስ ኮዳቸው አምጥቶ፣ አንድ በአንድ ኮምፓይል አድርጎ መግጠም ነው። ጣጣው መነሻው ላይ ነው። ኮዱን ወደ ማሽን ቋንቋ የሚለውጠው ኮምፓይለር ራሱ ፕሮግራም ነው። እሱንስ ማን ይሠራዋል? ሌላ ኮምፓይለር! እናቶቻችን ይህን ያውቁታል፤ እርሾ ያለቀበት ቤት ከጎረቤት ይበደራል። መጽሐፉም በመጀመሪያ ቀድሞ ከተጫነ ሊኑክስ እርሾ ያስበድርዎታል፤ በሱ ጊዜያዊ መሣሪያ ያሠራዎታል፤ ከዚያ የጎረቤቱን በር ዘግቶ ሁሉንም በራስዎ እርሾ እንደገና ያስጋግርዎታል።

የሥራውን ጊዜም በሰዓት አይነግርዎትም። የመጀመሪያው ፕሮግራም የፈጀውን ጊዜ መለኪያ አድርጎ «ይህኛው የዚያን ይህን ያህል እጥፍ ይፈጃል» ይልዎታል። የደሃውም የሀብታሙም ማሽን በየአቅሙ ይለካል ማለት ነው። መብራት ከሄደ ግን ወዮልዎ!

«ኮዱ ክፍት ከሆነ ምን ስጋት አለ?» የሚሉ የዋሆችም አሉ። ኬን ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1984 ኮምፓይለሩ ራሱ ከተመረዘ ንጹሕ ኮድ ሰጥተውትም የተበከለ ፕሮግራም ሊያወጣ እንደሚችል አስጠንቅቋል። እርሾው ከተበላሸ ጤፉ ምን ያድርግ? በመጋቢት 2016 (እ.ኤ.አ. ማርች 2024) ደግሞ ኤክስዚ በተባለ፣ ሊኑክስ ውስጥ በሰፊው በሚገኝ ፕሮግራም ላይ የተደበቀ የጓሮ በር ተገኘ። የደረሰበት አንድሬስ ፍሮይንድ የተባለ መሐንዲስ ነው። ከሩቅ ኮምፒውተር ጋር መገናኘት በግማሽ ሰከንድ ያህል ስለዘገየበት ብቻ ጠርጥሮ ቆፈረ። ልብ በሉ፤ ያዳነን የኮዱ ክፍትነት ብቻውን አይደለም። ክፍት ስለነበር ማየት የሚችል፣ ስለተማረም ማየት የሚያውቅ ሰው መኖሩ ነው።

እኛ ጋ ስንት እንዲህ ያለ ሰው አለ? የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ እስኪገባ ድረስ በአንዱ ሶፍትዌር የተጻፈ አማርኛ በሌላው ሲከፈት የማይነበብ ዝባዝንኬ ይሆን እንደነበር ጋዜጣ ያዘጋጀ ሁሉ ያስታውሰዋል። በገዛ ፊደላችን እንኳ እንዲያ ከተንገላታን፣ የባንክ ሒሳባችንንና የሕክምና መዝገባችንን የያዘው ማሽን ሲታመም ማንን ልንጠራ ነው?

ዩኒቨርሲቲዎቻችን አዲስ ኦፕሬቲንግ ሲስተም ይፍጠሩ አላልኩም። ኮምፒውተር የሚያጠና ተማሪ ሁሉ ከመመረቁ በፊት አንድ ጊዜ ከባዶ ይገንባ ነው የምለው። መጽሐፉ በነፃ ነው፣ ኮዱም በነፃ ነው፣ አሮጌ ማሽን በየመጋዘኑ አቧራ ይጠጣል። የቀረው ፈቃደኝነት ነው።

እርሾ መበደር ነውር የለበትም። ዕድሜ ልክ እየተበደሩ «ባለ እንጀራ ነኝ» ማለት ግን ያሳፍራል።